ሽልንግ የጾመበት ፍልሰታ

ባለፈው ሳምንት ያነበባችሁ ሰዎች መንገድ ላይ እያስቆማችሁ "ለመሆኑ የወደደችህ ልጅቷ ናት ወይስ ውሻዋ?" ስትሉኝ ሰነበታችሁ። ሁለቱም ወደውኛል። ጣጣው የመጣው ግን በውሻው በኩል ነው።

ዛሬ ለጀመራችሁ ደግሞ፣ ሚናስ እባላለሁ። የፒያሳ ካፌዎች የማኪያቶ ማሽን ሲበላሽባቸው የሚጠሩት እኔን ነው። ትምህርት ያቆምኩት ስምንተኛ ክፍል ነው፤ አስተማሪዎቼ የሚነግሩኝ ስላለቀባቸው። የኔን ወሬ ሰፈሩ ቀደዳ ይለዋል። አንድ ቀን የፈነዳ ማሽን እንፋሎት አንስቶ ምኒልክ አደባባይ የቆመው ፈረስ ላይ፣ ከንጉሡ ኋላ ጉብ እንዳደረገኝ፣ የወረድኩትም በእሳት አደጋ መሰላል እንደሆነ ስናገር እስካሁን ያመነኝ ሰው የለም። ፍዮሪም አላመነችም። ግን ልትስቅ ስትል መጀመሪያ የዓይኗ ጥግ ሸብሸብ ይላል። እሱን ለማየት ስል ፈረሱን በየሳምንቱ እጋልበዋለሁ።

ፍዮሪ የአቶ አብርሃ ልጅ ናት። ነፍስ ይማር፣ ፒያሳ ላይ ወርቅ ቤት ነበራቸው፤ አሁን ሱቁን እሷ ይዛዋለች። ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ፣ የእንጨት በረንዳ ባለው ፎቅ ቤት ከእናቷ ከወይዘሮ ዓለምጸሃይ ጋር ትኖራለች። ወይዘሮዋ መጀመሪያ ያዩኝ ቀን ዓይናቸው እጄ ላይ አረፈ። እጄን የማሽን ቅባት አይለቀውም፤ በሳሙናም በጋዝም ብፈትገው ያው ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ከእጄ በላይ ቀና ብለው አይተውኝ አያውቁም።

ሽልንግ ውሻቸው ነው። ነጭ፣ ጸጉራም፣ ቆሞ ይሁን ተቀምጦ ለመለየት ጎንበስ ማለት የሚያስፈልገው ፍጥረት። ስሙን ያወጡለት አቶ አብርሃ ናቸው፤ ቡችላ ሳለ መዳፋቸው ላይ ሲያስቀምጡት ከሽልንግ አይበልጥም ነበር ይባላል። ይችን ቀደዳ እኔ አይደለሁም ያመጣኋት። ሰውየው ታመው ሲተኙ ከእግራቸው ስር አልተነሳም። ሲያርፉም የመጨረሻ ቃላቸው "ሽልንግን አደራ" የሚል ነበር። ስለ ወርቁ ይናገራሉ ብለው ጆሯቸውን አቁመው የነበሩ ዘመዶች እስካሁን አልተጽናኑም።

ዘንድሮ ሽልንግ ማሳል ጀመረ። እኔና ፍዮሪ በቅርጫት ይዘነው የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ሄኖክ ዘንድ ሄድን። ዶክተሩ ደረቱን አዳምጦ ወረቀት ላይ ልብ ሳለልን። በልቡ ውስጥ ያለው በር ገጥሞ አይዘጋም፣ ደሙ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ውሃ ወደ ሳንባው ይገባል አለን።

"ማሸጊያ ጎማው፣ ጓርኒሲዮኑ አልቋል በለኛ" አልኩት።

"እንደዚያም ማለት ይቻላል። መለዋወጫ ግን የለውም።"

ፍዮሪ ወደ መስኮቱ ዞረች። ዶክተሩ ቀጠለ። ኪኒኑ ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ ጋር፣ ሳይዘለል። ጨው ያለው ነገር እንዳይቀምስ። ተኝቶ ሳለ ትንፋሹን አዳምጡ፤ ከፈጠነ ደውሉ። አይደንግጥ፣ አይሩጥ፣ በጣም ደስ አይበለው።

"ደስታም ክልክል ነው?" አለች ፍዮሪ።

"የበዛው።"

የበዛው ደስታ እኔ ሆኜ ተገኘሁ። ሽልንግ ኮቴዬን ደረጃው ላይ ከሰማ ይሽከረከራል፣ ይዘላል፣ ያስላል። አንድ እሁድ በሩን ስገባ ሊቀበለኝ ሲሮጥ መጥቶ እግሬ ስር ዘርፈጥ አለ። ምላሱ ጠቆረ። ፍዮሪ ደረቱን እያሻሸች ስሙን ስትጠራ ነቃ፤ እንደነቃም መጀመሪያ የላሰው የኔን ጫማ ነው።

"አየሽ" አሉ ወይዘሮ ዓለምጸሃይ፣ እጄን እያዩ። "ይሄ ልጅ ይገድለዋል።"

ፍዮሪ እስከ ደረጃው ግርጌ ሸኘችኝ። "እስኪረጋጋ ድረስ አትምጣ፣ እሺ ሚኑ?"

"ውሻው ነው ያልፈለገኝ ወይስ እናትሽ?"

"ውሻው ፈልጎህ አይደል እንዴ የወደቀው" አለች። ያልጠየቅኳትን መልሳ የጠየቅኳትን ዘለለችው። ወደ ላይ ስትወጣ ጀርባዋን እያየሁ ቆምኩ፤ ደረጃው ከዚያ ቀን በላይ ረጅም ሆኖብኝ አያውቅም።

ፍልሰታ ገባ። ዝናቡም አብሮ ገባ። ማታ ማታ ፍዮሪ ከሱቅ ተመልሳ ለሽልንግ የማታውን ኪኒን ከሰጠችው በኋላ ትደውልልኛለች። እሱ እንዳይነቃ በሹክሹክታ ነው የምታወራው፤ ከዚያ ስልኩን አፍንጫው ላይ ታስጠጋዋለች። እሷም ጎንበስ ብላ ስለምታዳምጥ ሁለት ትንፋሽ ይመጣልኛል። የትኛው የማን እንደሆነ ለመለየት እሞክርና እንቅልፌን ይዞት ይሄዳል።

እየቆየ አንደኛው ትንፋሽ ፈጠነ።

"እየባሰበት ነው" አለችኝ አንድ ማታ። "ኪኒኑን ሳናቋርጥ ነው እኮ። ማታ እኔ፣ ጠዋት እማዬ።" የሽልንግ ቁርስ ከአቶ አብርሃ ዘመን ጀምሮ የወይዘሮዋ ድርሻ ነው፤ ማንም አይነካባቸውም። "ዶክተር ሄኖክ አንድ ጨው ያለው ነገር እየበላ ይሆናል፣ ወይም የሚያስደስተው ሰው እየመጣ ይሆናል አለኝ።" ድምፅዋን ይበልጥ ዝቅ አደረገች። "ተደብቀህ አትመጣም አይደል?"

"እኔ?"

"ጠየቅኩህ እንጂ አልወሰንኩብህም።"

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ጥያቄው ጆሮዬ ላይ ቀረ። እኔን የምታውቀኝ በቀደዳ ነውና ምን ብዬ ልቀየማት? ተቀየምኩ ግን።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አላስቀምጥ አለኝ። ምኒልክ አደባባይ ስደርስ የጊዮርጊስ ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ በዝናብ ይበተናል። ወይዘሮ ዓለምጸሃይ ነጠላቸው ረጥቦ ትከሻቸው ላይ ተጣብቆ፣ ዳገቱን ለመውረድ ግንብ ይዘው ቆመዋል። ጃንጥላዬን በላያቸው ዘረጋሁ።

"ማዘር፣ ክንዴን ይያዙኝ።"

"ማዘር አትበለኝ" አሉ። ያዙኝ ግን።

"ይሄ ምን ዝናብ ነው። አንድ ክረምት ቸርችል ጎዳና ጎርፍ ሆኖ፣ ፖስታ ቤት ድረስ በባንኮኒ ቀዝፌ ወርጃለሁ። ባንኮኒው ላይ ሁለት ሰው ማኪያቶ ይጠጣ ነበር፤ አልደፋሁባቸውም።"

ከንፈራቸውን ነከሱ። "በጾም አታስቀኝ። ሱባዔ ላይ ነኝ።"

"ለጋሼ አብርሃ ነፍስ?"

ወደ ኋላ ዞር ብለው ሰው አለመኖሩን አዩ። "ለሽልንግ" አሉ። "ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸው። ለውሻ ጾመች ቢሉኝስ? አደራ ነው እኮ። እሱ ከሞተ አብርሃ ዳግመኛ የሞተብኝ ነው።"

ቤት ስንደርስ "አንተ ከበሩ አትለፍ፣ እንዳያይህ" አሉኝ። በሩን ገርበብ አድርገው ገቡ። ሽልንግ ምንጣፉ ላይ ተኝቷል፤ ጎኑ እንደ ወናፍ ይወጣል ይገባል። ኮቴዬን ሰምቷል። አልተነሳም። ጅራቱን አንዴ ምንጣፉ ላይ መታ፣ በቃ። ያ ሁሉ መዝለል ያችን ታህል ሆነች።

ወይዘሮዋ ነጠላቸውን ሳያወልቁ ዳቦ ቆረሱ፣ ውሃ ነከር አደረጉና ኪኒኗን ውስጡ ሸጎጡ። "በል ሽልንገይ፣ ተቀድሷል። ቁርስህን ብላ።"

"የማታውን ነው ማዘር?"

"የጠዋቱን ነው እንጂ።"

"ዘጠኝ ሰዓት አለፈ እኮ።"

"ታዲያስ?" ኮራ ብለው ቀና አሉ። "ከምግብ ጋር ነው የተባለው። በዚህ ቤት በፍልሰታ ቅዳሴ ሳይወጣ እህል የሚቀምስ የለም፤ ልጆቼ እንኳ ሕፃን ሆነው አልቀመሱም። እኔ እየጾምኩለት እሱ ተቀምጦ ሊበላ ነው? ከኔ ጋር ይጾማል፣ ከኔ ጋር ይገድፋል። ሳይቀደስ የተዋጠ መድኃኒት ምን በረከት አለው?"

ዝም ብል ደስ ባለኝ ነበር። የሽልንግን ጎን አየሁና አልቻልኩም።

"ማዘር፣ ይቺ ኪኒን ከሳንባው ውሃውን የምትጎትተው ናት። የማታዋ ጠዋት ላይ ታልቃለች። ከዚያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃው ዝም ብሎ ይሞላል። አሁን ሰጡት፤ ቆየት ብላ ደግሞ ፍዮሪ ትደርብበታለች። ጠዋቱን ሙሉ ያለ ምንም ነው የሚውለው።"

አልተቆጡም። ዳቦዋን የጨረሰውን ውሻ አዩት፣ እጃቸውን አዩት። ከዚያ እርጥብ ልብሳቸውን እንደለበሱ መሬት ላይ፣ አጠገቡ ተቀመጡ።

"ጾሙ ከገባ ጀምሮ" አሉ ለራሳቸው። "እኔ ነኛ። በጸሎቴ መሃል የማንቀው እኔ ነኛ።"

"አላወቁም።"

"ሚናስ" አሉኝ። ስሜን ከአፋቸው ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። "ለፍዮሪ ምን ብዬ ነው የምነግራት? ያባቷን አደራ ጾም አስጾሜ ልገድለው ነበር ልበላት?"

ደረጃው ላይ ተረከዝ ተሰማ። ፍዮሪ ልቧ አላስችል ብሏት ሱቁን ዘግታ መጥታለች። በሩ ላይ እኔን አየች፣ መሬት የተቀመጡ እናቷን አየች፣ የሚያለከልከውን ሽልንግ አየች። ሒሳቡን ለመሥራት ጊዜ አልፈጀባትም።

"ምን አደረግከው?" አለች።

ወይዘሮዋ ቀና ብለው አዩኝ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ዓይናቸውን አይቼው አላውቅም ነበር ለካ፤ የፍዮሪን ይመስላል።

"ቋንጣ" አልኩ።

"ምን?"

"ጠዋት ጠዋት እናትሽ ውዳሴ ማርያም ሲሄዱ፣ በቧንቧው ወደ በረንዳው እየወጣሁ ቋንጣ አበላው ነበር። ናፍቆኝ ነው።"

"በፍልሰታ ቋንጣ ከየት አመጣህ?"

"ከአብዱልሙሀይሚን ሥጋ ቤት። እሱ አይዘጋም። ጨው በዛ አድርግልኝ እለዋለሁ፣ ሽልንግ ይወደዋል።"

ዕድሜ ልኬን ስዋሽ እንደዚያ ያማረ ውሸት ወጥቶኝ አያውቅም። በየቦታው ማያያዣ ነበረው። እንደ ልማዴ የዓይኗን ጥግ ጠበቅኩ፤ አሁን ይሸበሸባል፣ አሁን "ሂድ ወዲያ" ትለኛለች ብዬ። ቆዳዋ አልተነቃነቀም። አመነችኝ።

ወይዘሮዋ የእርጥብ ነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ።

"ውጣ" አለች ፍዮሪ። መጮህ እንኳ አልቻለችም፣ ሽልንግ ይደነግጣላ። "ቀስ ብለህ ውጣ።"

ቀስ ብዬ ወጣሁ። በጩኸት ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ እግሬ አያርፍም። ከምኒልክ አደባባይ አምስት ኪሎ፣ ከአምስት ኪሎ ተመልሼ ቸርችልን እስከ ታች፣ እንደገና ሽቅብ። ግማሹ ሰፈራችን ፈርሶ ስለተነሳ፣ ተደግፌ የምናፍቅበት የማውቀው ግድግዳ እንኳ አጣሁ። ደብዳቤ ልጻፍላት ብዬ ተቀመጥኩ። እውነቱን ስጽፍ እናቷን አሳጣሁ፤ ውሸቱን ስደግም እጄ አልታዘዝ አለ። ስለ ሌላ ነገር ልጻፍ ስል ወረቀቱ ላይ ፈረሱ መጣብኝ። ቀደድኩት።

እሷ ግን ጻፈችልኝ፣ በቴሌግራም። "አትደውል። ሽልንግ ተሽሎታል።" ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር ሳነብ ደስ አለኝ፤ መጀመሪያዋን መልሼ ሳነብ ስልኩን ኪሴ ውስጥ ቀበርኩት።

አያችሁልኝ? ወይዘሮዋ ኪኒኑን ጠዋት ማድረግ ጀመሩ፣ ውሻው ተሻለው። እኔ ከቀረሁ ወዲህ ነው የተሻለው። ዳኛ ቢኖር ከዚህ ሌላ ምን ምስክር ይፈልጋል? እሱ በተነፈሰ ቁጥር በኔ ላይ ይመሰከራል። የከፋው ደግሞ ትንፋሹ እንዲቆም እንደማልፈልግ ማወቄ ነው።

የካፌው ባለቤት ጋሽ ፍቅሬ ሲያየኝ ሰንብቶ "ታመሃል እንዴ?" አለኝ። "ሻይ ስትጠጣ ውለህ አንዲት ቀደዳ አልወጣህም። ደንበኛ እየሸሸኝ ነው።"

"አልቆብኝ ነው ጋሼ።"

"ውሸት ያልቃል?"

"ትልቁን አወጣሁትና ትናንሾቹ አኩርፈው ሄዱ።"

ሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነበር።

ፍልሰታ ተፈታ። ፒያሳ በሙሉ የጾመችውን ወተት በአንድ ጠዋት ልትጠጣ ወጣች መሰለኝ፣ የጋሽ ፍቅሬ ማሽን አቃስቶ ቆመ። ባንኮኒው ጀርባ ገብቼ ሆዱን ከፍቼ፣ እስከ ክርኔ ቅባት ውስጥ ሆኜ ሳለሁ ካፌው ፀጥ ሲል ተሰማኝ። ቀና ስል ፍዮሪ ከባንኮኒው ማዶ ቆማለች። ዓይኗ ቀልቷል።

"በቧንቧው ነው የወጣኸው አልከኝ" አለች።

"አዎ።"

"ቧንቧው አምና ተነቅሏል። ዛሬ ጠዋት ወጥቼ አየሁት። ያን ቀን በበረንዳው ስር ነው የገባሁት፣ ቀና ብዬ ማየት ይበቃኝ ነበር።"

መፍቻውን አስቀመጥኩ።

"ዶሮው ቀርቦ እማዬ አልነካም አለች" አለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። "ብለምናት፣ ብቆጣት፣ አልገድፍም አለች። 'ሰው በደሌን ተሸክሞልኝ ደጅ ወድቆ ሳለ ይሄን ጾም በምን አፌ እፈታዋለሁ' አለችኝ። ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ። እየነገረችኝ ሽልንግ እግሯ ላይ ተኝቶ ነበር።"

"ተቆጣሻት?"

"አቀፍኳት። ያለቀሰችው አባዬ ሲሞት ካለቀሰችው በለጠ።"

"እኔን ግን ተናደሽብኛል።"

"በራሴ ነው የተናደድኩት።" ድምፅዋ ወረደ። "ይሄን ያህል ነገር አውርተኸኝ ጥሩ ጥሩውን አንዱንም አላመንኩህም። መጥፎውን ስትነግረኝ ግን ሳላኝክ ዋጥኩት። ለምን እንደሆነ መንገዱን ሙሉ ሳስብ መጣሁ። አስተካክለህ ስለዋሸህ አይደለም። እኔም እጅህን ነበር የማየው ሚናስ። እማዬን እየወቀስኩ እኔም እጅህን ነበር የማየው።"

ይሄ ነገር ከቋንጣው ይልቅ ወጋኝ፣ እውነት ስለሆነ። እጄን ከባንኮኒው ላይ ልሰበስብ ስል ያዘችው። ነጭ ሹራብ ነበር የለበሰችው፤ ቅባቱ እስከ እጅጌዋ ወጣ። አልለቀቀችም።

"ለምን እንድጠላህ ተውከኝ?"

"አንዳችንን መጥላትሽ ካልቀረ ብዬ ነው። እናት ሌላ አይገኝልሽም። ወሬኛ ግን ፒያሳ ሞልቷል።"

"ለኔ አልሞላም" አለች።

ጋሽ ፍቅሬ ጉሮሮውን ጠራረገ። "ልጄ፣ ሌላውን መንገድ ላይ ጨርሱት። የዛሬው ማኪያቶ ቀርቷል ብዬ ለሕዝቡ እነግራለሁ።"

ማሽኑን እንደተከፈተ ትቼው ወጣሁ፤ በሥራ ዘመኔ የመጀመሪያው ነው። ቸርችልን ይዘን ስንሄድ እጄን አልለቀቀችኝም፣ ወርቅ ቤቶቹ በር ላይ የቆሙ የአባቷ ወዳጆች እያዩን። ስለ ሽልንግ ነገረችኝ። ዶክተር ሄኖክ ዳነ አላለም፤ በሩ ያው የላላ በር ነው፣ ኪኒኑ ደግፎ ያቆየዋል እንጂ አይጠግነውም። የክረምቱን ማለቅ ያያል፣ ምናልባት መስከረምን፣ ምናልባት ጥቅምትንም።

"ካየኝና ቢወድቅስ?" አልኳት ደረጃው ስር።

"እኔም እሱን እየፈራሁ ነው።"

ጫማዬን አወለቅኩ። በካልሲ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘን፣ እንደ ሌባ ወጣን። በሩን ወይዘሮ ዓለምጸሃይ ከፈቱት። ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ውስጥ አመለከቱ፤ ሽልንግ ምንጣፉ ላይ ተኝቷል፣ ጎኑ በዝግታ ከፍ ዝቅ ይላል። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። ቁልቁል አላዩም።

"እቶ፣ ወደይ" አሉኝ በሹክሹክታ።

ግባ ማለት ነው፣ ልጄ። ፒያሳ ያደገ ሰው ይችን ታህል ትግርኛ አያጣም። በዚያ ቤት ግን ትግርኛ የቤት ሰው ቋንቋ ነው፤ ከፍዮሪና ከሽልንግ በቀር ማንም ተጠርቶበት አያውቅም።

ስንት ቀን ደጁን ስዞረው ኖሬ፣ ተከፍቶልኝ ሳለ እግሬ ደፉን መሻገር ፈራ። እንደገባሁ ሽልንግ ቢነቃስ፣ ቢያየኝስ፣ ደስታው ቢበዛበትስ። ፍዮሪ ከኋላዬ መዳፏን ጀርባዬ ላይ አሳረፈች። መዳፏ ስር የሚደልቀው ልቤ ሽልንግን ሊያስነሳው ነው ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ።